ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ ሰንሰለት

ከፒያሳው ፖስታ ቤት ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ደረጃ ሥር፣
ቲኬት እቆርጣለሁ እኔ፣ ሌላው ሲበር፣ እኔ ሳልበር።
ስድስት ዓመት በረራ ሸጬ፣ አንዴም ሽቅብ አልወጣሁ፤
ከአዘዞ ሜዳ አጥር ሥር፣ ሰው እየሸኘሁ የመጣሁ።

አንድ ሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ መብራት ሊሄድ ሲያስፈራራ፣
ጋሽ አዛናው ገቡ በበሩ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው በግራ።
«ከጎንደር አይደለም» አሉኝ፣ ወንበሩን ሳይቀመጡበት፣
«ከዱባይ ጓንዡ ስንት ነው? በአየር የሚኬድበት።»
«ማን ሊሄድ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ጣቴን አኑሬ ቁልፉ ላይ።
«ማንም። ርቀቱን ብቻ ልይ።»

«አምስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር፤ ትንሽ ሽርፍራፊም አለው፤
ሰባት ሰዓት ተኩል ግድም፣ ቀጥታውን ለሚይዘው።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

ድሮ፣ በጎረምሳነት፣ የመተማ መንገድ ሲቀየስ፣
ሰንሰለት ይዘው ሄደዋል፣ ከአዘዞ ድንበሩ ድረስ፤
ሃያ ሜትሯን ብረት ዘርግቶ፣ ችካል መትቶ ማንሳት ነበር፤
የእሳቸው ዓለም ስፋቱ፣ በሰንሰለት የሚቆጠር።

«ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ» አሉ፣ «ጊዜ መጣል ነው እንግዲህ።
ባሕሩ ላይስ ችካል የት ይቆማል?»

ቀስ እያለ ወጣ ነገሩ፣ እንደ ተጠቀለለ ሜትር፤
አትጠገብ ዱባይ፣ ሰው ቤት፤ ማንደፍሮ ጓንዡ፣ የስልክ ሽፋን ሲያሻግር፤
የእናታቸው ቤት አራዳ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ፣
እሱ ሸጠው፣ እሷ ሰማች፤ ከዚያ ሦስት ዓመት፣ ቃል ታጥሮ።
«በየእሑዱ፣ በየተራ፣ ለኔ ግን ይደውላሉ፤
እሷም ስለሱ፣ እሱም ስለሷ፣ ሳይጠይቁኝ ይዘጋሉ።
መሐል ላይ የተተከልኩ ችካል ነኝ።»
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰዓቱን ደግሞ ነገርኳቸው፤ ባልነገርኳቸው ይሻል ነበር?
«ከዱባይ ጠዋት አራት ሰዓት፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ቢበር፣
ጓንዡ ሲደርስ የማታ ሦስት ተኩል ነው።»
ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፤
«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ አሥራ አንድ ተኩል ነው!
ሰባት ተኩል ብለሽኝ ነበር፤ አራቱን ሰዓት ማን ወሰደው?»
«ፀሐይ» አልኩ፤ ሌላ መልስ አጣሁ። «ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ይጎድላል።»
«ከዚያ ወዲህ ሲመጣስ?»
«ይመለሳል።
ከጓንዡ በአራት የተነሣ፣ ዱባይ ስምንት ተኩል ይገባል።»

አሁን ወንበሩን ያዙ።
ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤
ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው እሱ ይምጣ። እሷ ብትሄድ ይጎድልባታል፤
ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ፣ አራት ሰዓት ከየት ይገኝላታል?
እሱ ግን ቢመጣ ያተርፋል፤
በድሎም፣ አትርፎም፣ ምን አንሶት አልመጣም ይላል?»

በአሮጌ የቲኬት ፖስታ ላይ፣ በትልልቁ ጻፍኩላቸው፤
አጥፈው፣ አጥፈው ሸጎጡት፣ ከገበሩ ሥር፣ ከባርኔጣቸው።
«እሑድ ሲደውል አነብለታለሁ። ቃል አልጨምርም፣
ቁጥር ብቻ። ቁጥር ሰው አያስቀይምም።»

ዋጋውን አልጠየቁኝም።
እኔም አልነገርኳቸውም።

መብራቱ ሄደ ያን ጊዜ፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው፣
ሁለት ነጥብ ያገናኘው፣ ቀጭን መስመር አብሮት ጠፋ።
በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፣ በድንጋይ ንጣፉ ሲወርዱ፣
ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣
እርምጃቸውን እየቆጠሩ፣ የድሮ ልማድ አይለቅም፤
እኔም አብሬ ቆጠርኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
ስልሳ ሁለት ላይ ባጃጅ ከለላቸው።

ሁለት ሰንሰለት ከምናምን።
እሑድ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።